የጀማሪ ኳርተርባክ ቁጥር ስለ ነገው ይናገራል?

የዲሲው ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኳርተርባክ (ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በኤንኤፍኤል የመጀመሪያ ዓመቱ ያስመዘገበውን ቁጥር አይተን ስለ ወደፊቱ መፍረድ እንችላለን? እኔ አንችልም ባይ ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራ። ፔይተን ማኒንግ በ1998 ዓ.ም. 28 ኢንተርሴፕሽን (ተከላካይ የሚቀልበው ኳስ) ወረወረ። ይህን ያህል የወረወረ ጀማሪ እስከ ዛሬ የለም። ቡድኑም 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በኋላ ግን 5 ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ትሮይ ኤክማንም በ1989 ከጀመራቸው 11 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ከዚያ ከዳላስ ጋር 3 ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) በላ።

ቁጥር አክባሪዋ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያነበብከው። ማኒንግ በዚያው ዓመት 26 ታችዳውን (ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ወርውሯል፤ ያኔ የጀማሪዎች ሪከርድ ነበር። ልጁ ይሳሳታል፣ ግን ችሎታ አለው ማለት ነው። ቁጥሩ ይህንን ተናግሯል።

የቴክሳሱ፦ እሺ እህቴ፣ ያማረ ቁጥርስ? ማክ ጆንስ በ2021 ከወረወራቸው ኳሶች 67.6 በመቶው ለተቀባዮቹ ደርሰዋል። ቡድኑ ኒው ኢንግላንድም ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገባ። ከዚያ ጥቃቱን የሚመራው ጆሽ ማክዳንኤልስ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፣ ልጁም ወረደ። በ2024 ለጃክሰንቪል አሳልፈው ሰጡት። ታዲያ ያ ቁጥር የማን ነበር? የልጁ ወይስ የአሰልጣኙ?

ቁጥር አክባሪዋ፦ ለዚህ ነው «የትኛው ቁጥር?» ብለን መጠየቅ ያለብን። ኢንተርሴፕሽንን እንይ። ኳሱ ልክ ተቀባዩ ደረት ላይ ያርፋል፣ ከእጁ ይነጥራል፣ ተከላካዩ ይቀልበዋል። ጥፋቱ በኳርተርባኩ ስም ይጻፋል። ቀጥሎ ኳሱን በቀጥታ ለተከላካዩ ይወረውራል፤ ሰውየው ግን ይጥለዋል። ምንም አይጻፍም! አንድ ሲዝን ይህንን ለማጣራት አይበቃም። ሳክ (ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ ሲወድቅ) ግን ሌላ ነው። ኳስ ይዞ የሚቆይ ልጅ ቡድን ቢቀይርም ልማዱ አይለቀውም። እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የዲሲው ልጅ፦ ሲ.ጄ. ስትራውድስ? በ2023 23 ታችዳውን፣ 5 ኢንተርሴፕሽን ብቻ። በቀጣዩ ዓመት 12 ኢንተርሴፕሽንና 52 ሳክ። ከሳክ የሚጠብቀው የቡድኑ የሂውስተን መስመር እንደ ወንፊት ነበር። ያንን ሁሉ ልጁ ላይ ልትጭኚ ነው?

ቁጥር አክባሪዋ፦ ሁሉንም አልልም። የእሱም ድርሻ አለበት ነው የምለው።

የቡፋሎ ደጋፊ፦ እኔ ጆሽ አለንን አነሳለሁ። በ2018 ከኳሶቹ ለተቀባዮች የደረሱት 52.8 በመቶ ብቻ! በኮሌጅም ቁጥሩ ደካማ ነበር፣ በቁጥር የሚመዝኑ ብዙዎች አላመኑበትም። ቡፋሎ ታገሠው። በ2020 ተቀባዩን ስቴፎን ዲግስን አመጣለት፣ በዚያው ዓመት 69.2 በመቶ ደረሰ። በ2024 የሊጉ ኮከብ ሆነ። በአንድ ዓመት ቁጥር ልጅ ተስፋ ሲቆረጥበት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ቁጥር አክባሪዋ፦ እንደ አለን ጀምረው እዚያው የቀሩት ብዙ ናቸው። ስማቸውን ስለረሳነው የሌሉ ይመስለናል። ደግሞ ክለቡ ዝም ብሎ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ውሉ 4 ዓመት ነው። 3ኛው ዓመት እንዳለቀ 5ኛውን መጨመር አለመጨመሩን ክለቡ መወሰን አለበት። ያኔ ቁጥር ካልያዘ ምን ይዞ ይወስናል?

የዲሲው ልጅ፦ ቪዲዮውን ነዋ። ሦስተኛ ዳውን (ከአራቱ ሙከራዎች ሦስተኛው) ላይ ተከላካዮች ሲመጡበት ዓይኑ እነሱ ላይ ይወርዳል ወይስ ሩቅ ተቀባዮቹን ይፈልጋል? በ2024 የዋሽንግተኑን ጀማሪ ጄይደን ዳኒየልስን ያመንኩት በዚያ ነው። ከኳሶቹ 69 በመቶው መድረሳቸውን ያየሁት በኋላ ነው።