ሂት ዕዳ ነው ወይ?

ቢ-ሳይድ፦ ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ ሬዲዮሄድ ስለሚባለው ባንድ ስናወራ አንዱ መጥቶ «ሂት (ሕዝብ የወደደው ዘፈን) ዕዳ ነው። ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ መክፈል አለበት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሦስት ሰው ደግሞ አጨበጨበለት። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም። ሰዎቹ በፈረንጆቹ 1992 «ክሪፕ» የሚባል ዘፈን አወጡ። ዓለም ወደደላቸው። ከዚያ ሰለቻቸውና ለዓመታት ኮንሰርት ላይ ከሚጫወቱት ዝርዝር አስወጡት። ወንጀሉ ይኼ ነው? አንድ ዘፈን ስለተወደደ ሰውዬው እስኪሸብት በየምሽቱ ያንኑ ይዝፈን?

ፊት መስመር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ያስደብቀኛል። ዕዳ ነው። የኮንሰርት ማስታወቂያ ላይ የሚያሰሙን 15 ሰከንድ የትኛውን ነው? የአልበሙን ዘጠነኛ ዘፈን ነው? በሂቱ ትኬት ሸጠህ፣ መድረክ ላይ ስትደርስ «እኔ እኮ አርቲስት ነኝ» ማለት የለም።

ቢ-ሳይድ፦ ዕዳ ከሆነማ ዋናው ድሮ ተከፍሏል። በየምሽቱ የምትጠይቀው ወለዱን ነው። አንተ አድናቂ አይደለህም፤ አራጣ አበዳሪ ነህ።

ሪፍ ብቻ፦ ሃሃሃ አራጣ አበዳሪ! አቦ ይመችህ።

ፊት መስመር፦ አራጣ አበዳሪ አትርፎ ነው የሚሄደው። እኔ ትኬቱን ከስድስት ወር በፊት ከፍዬ፣ ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ አንገቴን አሞኝ ነው የተመለስኩት። ባንዱን አልጠራውም፣ ደጋፊዎቹ እዚህ ስላሉ። አንድ፣ አንድ እንኳ የማውቀውን አልተጫወቱም። ጊታሪስቱ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር የሚጫወተው።

ቢ-ሳይድ፦ አልበሞቻቸውን ብትሰማ ኖሮ ሁሉንም ታውቀው ነበር።

ፊት መስመር፦ መጣ! ይኼው «ብትሰማ ኖሮ» መጣ። ፈተና አለው እንዴ መግቢያው?

እማማ ዲስቶርሽን፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። አንድን ባንድ አራት ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ሂቶቹን ባይጫወቱ ኖሮ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር የማለቅሰው። በአራተኛው ግን ያው ዘፈን ሲጀመር ሽንት ቤት ሄድኩ። ሰልፍ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ለስንተኛ ጊዜ ነው የምታየው የሚለው ነው።

ሪፍ ብቻ፦ እማማ፣ እርስዎ ሂት ሲጫወት ሽንት ቤት የሄዱ የመጀመሪያዋ ሰው ነዎት። ሁሉም የሚሄደው «አሁን ከአዲሱ አልበማችን» ሲሉ ነው።

እማማ ዲስቶርሽን፦ ለዚህ እኮ ነው ሰልፍ ያልነበረው የኔ ልጅ።

ሚክሰሩ ጋ፦ ድምፅ ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም የዘፈን ዝርዝሩ የሚወጣው በስሜት ይመስላችኋል። ትልቅ መድረክ ላይ ድራመሩ ጆሮ ውስጥ የሚቆጥርለት ክሊክ አለ። መብራቱ፣ ስክሪኑ፣ እሳቱ ከዚያ ጋር ተያይዞ ለእያንዳንዱ ዘፈን አስቀድሞ ተሠርቷል። ድምፃዊው ድንገት ዞሮ «ዛሬ ያችን የ1986ቷን እንጫወት» ቢል ዘፈኗ ትኖራለች፤ መብራቷ የለም፣ ፊልሟ የለም። የጊታር ልጁም በሌላ ቅኝት የተቃኘ ጊታር ፍለጋ ይሮጣል። ሁሌ ፍርሃት አይደለም።

ቢ-ሳይድ፦ ዘፋኙ ስፕሪንግስቲን ከሕዝቡ እጅ የዘፈን ስም የተጻፈበት ካርቶን ተቀብሎ፣ ለባንዱ አሳይቶ፣ ወዲያው ሲጫወት አላየህም?

ሚክሰሩ ጋ፦ አይቻለሁ። የእሱ ስክሪን በአብዛኛው የሚያሳየው ካሜራው የሚቀርጸውን ነው፤ አስቀድሞ የተሠራ ፊልም አይደለም። ቀለል ያለ መድረክ ነፃነት ይሰጣል። ባለ እሳት መድረክ ትፈልጋለህ ወይስ ባለ ነፃነት? ምረጥ።

ሪፍ ብቻ፦ እሳት።

ቢ-ሳይድ፦ ሜታሊካ የሚባለው ባንድ ሁለቱንም ይዟል። በ2023 በጀመሩት የኮንሰርት ጉዞ ብዙ ከተማ ላይ ሁለት ሁለት ምሽት ተጫወቱ፤ በሁለተኛው ምሽት ከመጀመሪያው አንድም ዘፈን አልደገሙም። እሳቱም ነበር።

ፊት መስመር፦ አንድ ምሽት ብቻ መግዛት የቻለውስ? አንደኛው ምሽት በሂታቸው በ«ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» ይዘጋ ነበር፣ ሌላኛው በሌላው ሂት በ«ኤንተር ሳንድማን»። ዕዳውን በሁለት ክፍያ አደረጉት ማለት ነው። ጥሩ ነጋዴዎች ናቸው፣ አልክድም።

ቢ-ሳይድ፦ አሁንም ዕዳ! ከዚህ ቃል ውጪ ሌላ አታውቅም?

ፊት መስመር፦ አንተ ነህ ርዕስ አድርገህ የለጠፍከው ወንድሜ።

የድሮ ቴፕ፦ ስለ ዝርዝር ስታወሩ ፊሽ የሚባለውን ባንድ አለመጥራት ነውር ነው። በ2017 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ 13 ምሽት፣ 237 ዘፈን፣ አንድም ድግግሞሽ የለም። ጨርሻለሁ።

ፊት መስመር፦ ፊሽ ሂት አለው እንዴ? ተበድሮ የማያውቅ ሰው ስለ ዕዳ አይከራከርም።

የድሮ ቴፕ፦ ይኼን ያልከው ስላልገባህ ነው። የግሬትፉል ዴድ ባንድን ታሪክ ሂድና እይ። በ1965 ጀምረው እስከ 1987 ድረስ ከአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አሥር ምርጦች ውስጥ የገባ አንድ ዘፈን አልነበራቸውም። ግን አዳራሹ ይሞላል፣ ምክንያቱም ዛሬ የሰማኸውን ነገ አትሰማም። ሰው ራሱ ኮንሰርቱን እየቀዳ ይለዋወጥ ነበር፤ ከለከሉት? ቦታ አዘጋጁለት እንጂ። ከዚያ «ተች ኦፍ ግሬይ» ሂት ሆነና አንተን የመሰለ ሰው ስታዲየሙን አጥለቀለቀው።

እማማ ዲስቶርሽን፦ «አንተን የመሰለ ሰው» ማለት ምን ማለት ነው? እኔም እኮ ዴድን ያወቅኳቸው በዚያ ዘፈን ነው።

የድሮ ቴፕ፦ እርስዎን አላልኩም እማማ።

እማማ ዲስቶርሽን፦ ብለሃል እንጂ። ቀድሞ የመጣው በኋላ የመጣውን ይንቃል፤ ይኼ ሙዚቃ ሳይሆን የርስት ክርክር ነው።

ፊት መስመር፦ እማማ 1፣ ቴፕ 0።

ቢ-ሳይድ፦ እሺ ወደ ነገሩ። አይረን ሜይደን የሚባለው ባንድ በ2006 አዲሱን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫወቱት። የተቆጣም ነበር፣ የተደሰተም ነበር። እነሱ ግን ወደኋላ አላሉም። በ2023 ደግሞ «አሌክሳንደር ዘ ግሬት»ን መድረክ ላይ አወጡት። ዘፈኑ የ1986 ነው፤ በ37 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በሰው ፊት ተጫውተውት አያውቁም። ቪዲዮውን ሳይ እንባዬ መጣ። ይኼስ ዕዳ አይደለም? ለእኔ ዓይነቱስ ማን ይክፈል?

ፊት መስመር፦ አሃ! አንተም አበዳሪ ነህ ለካ። ያውም የ37 ዓመት ወለድ ይዘህ።

ሪፍ ብቻ፦ ተያዘ ሃሃሃ

ቢ-ሳይድ፦ አልተያዝኩም። እኔ ጠበቅኩ እንጂ አልጠየቅኩም።

ሚክሰሩ ጋ፦ ዘፋኙን ቦብ ዲላንን ረሳችሁት። እሱ ዕዳውን ይከፍላል፣ ግን በማይመነዘር ገንዘብ ነው። ሂቱን ዜማውን ለውጦ እየዘፈነልህ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነው።

እማማ ዲስቶርሽን፦ ኒርቫና የሚባለው ባንድስ? በ1992 ቦነስ አይረስ ላይ ቀድሞ የወጣውን የሴቶች ባንድ ሕዝቡ ሰድቦና ዕቃ ወርውሮ አባረረው። የኒርቫና ድምፃዊ ኮቤይን ተናደደ። የሂታቸውን የ«ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን መግቢያ እየጀመረ፣ እያስጎመጀ፣ ሳይጫወተው ወረደ። ደግ አደረገ።

ፊት መስመር፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ እማማ። ግን ልብ በሉ፤ ቅጣት ሊሆን የቻለው ለሕዝቡ የሚገባ ነገር ስለነበረ ነው። የማይገባህን ነገር ቢከለክሉህ ምኑ ቅጣት ይሆናል?

ቢ-ሳይድ፦ ይኼ ጨዋታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። እስቲ ዘፋኙን ሪኪ ኔልሰንን አስብ። በ1971 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ የድሮ ሮክ ኮንሰርት ነው። ጸጉሩን አስረዝሞ መጣ፣ የድሮዎቹን ዘፈነ፣ ከዚያ የሮሊንግ ስቶንስን አንድ ዘፈን ሲጀምር ሕዝቡ ጮኸበት። ትቶ ወረደ። ስለዚያ ምሽት «ጋርደን ፓርቲ»ን ጻፈና በ1972 ሂት ሆነ።

ፊት መስመር፦ እና ከዚያ በኋላ «ጋርደን ፓርቲ»ን በየኮንሰርቱ ዝፈን አላሉትም?

ሪፍ ብቻ፦ ከአንዱ ዕዳ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገባ!

የድሮ ቴፕ፦ ጩኸቱ በእሱ ላይ ሳይሆን በፖሊሶች ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ደግሞ ሪኪ ኔልሰን እዚህ ምን አገባው? ያኔ የካንትሪ ሙዚቃ ነበር የሚጫወተው።

ቢ-ሳይድ፦ የሮክ ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ስሙ የገባ ሰው ካንትሪ ነው ትለኛለህ?

የድሮ ቴፕ፦ አዳራሹ ውስጥ ያልገባ ማን አለና።

ሚክሰሩ ጋ፦ ሌላ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ወደ ሥራዬ ልሂድ።

ፊት መስመር፦ ቆይ፣ አትበተኑ። ቢ-ሳይድ፣ አንድ ጥያቄ። ነገ ሬዲዮሄድ ፊትህ ቆሙ እንበል። ሁለት ሰዓት ተጫወቱ። «ክሪፕ»ን ሳይነኩ መብራቱ በራ። ቅር አይልህም?

ቢ-ሳይድ፦ አይለኝም።

ፊት መስመር፦ በእናትህ ማል።

ሪፍ ብቻ፦ ዝም አለ።

እማማ ዲስቶርሽን፦ «እየጻፈ ነው» ይላል። አምስት ደቂቃ ሆነው።

ቢ-ሳይድ፦ ሪኪ ኔልሰን ግን ሮክ ነው።