በ29 ሳምንት የተወለደ ልጅ፦ አሁን ላስመርምረው ወይስ ትምህርት እስኪጀምር ልጠብቅ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ያለጊዜው፣ በ29 ሳምንት ነው የተወለደው። አሁን 4 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። 2 ዓመት ሲሞላው ታይቶ «ምንም የለበትም» ተብለናል። እስከ 20 ይቆጥራል። ግን ሦስት ኩብ ፊቱ ደርድሬ «ስንት ነው?» ስለው ዝም ብሎ «ሰባት!» ይላል። ቤተሰብ «ወንድ ልጅ ነው፣ ይደርስበታል» ይለኛል። ልጠብቅ? ሲመረመርስ ቀድሞ የተወለደባቸው ሳምንታት ከዕድሜው ላይ ይቀነሱለታል?

የሕፃናት ሐኪም፦
አትጠብቂ እህቴ። የ2 ዓመቱ ምርመራ የሚይዘው ጎላ ጎላ ያለውን ነው፤ መራመድ፣ አፍ መፍታት፣ ማየት፣ መስማት። ትኩረትን፣ የሰሙትን በአእምሮ ይዞ መሥራትን፣ ብዛትን መረዳትን በዚያ ዕድሜ በደንብ መለካት አይቻልም። ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ትምህርት ላይ የሚፈትናቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሒሳብ በተለይ። የእንግሊዝ የ2017 መመሪያ ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱ ልጆች 4 ዓመት ላይ እንደገና እንዲታዩ ይላል። ያንቺ ልጅ መስመሩን ለጥቂት ቢያልፍም ምክንያቱ ለሱም ይሠራል።

ሳምንቱን መቀነስ (የሱ 11 ነው፣ ከሙሉ እርግዝናው 40 ሳምንት ላይ) በተለምዶ እስከ 2 ዓመት ነው። አሁን የተወለደበትን ሳምንት ለመርማሪው ንገሪው፣ ይበቃል።

በቅድሚያ ግን ጆሮውና ዓይኑ ይታይ። በደንብ የማይሰማ ልጅ ልቡ እዚህ የሌለ ይመስላል።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
እኔ የምፈራው ዝምተኞቹን ነው። የሚረብሸውን ልጅ ማንም ያየዋል። ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ብዙዎቹ ግን ጨዋ ሆነው ይቀመጡና ሐሳባቸው ይሄዳል። «ጫማህን አውልቅ፣ ቦርሳህን ስቀል፣ ና ተቀመጥ» በይው። ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ሠርቶ ከቆመ ጻፊው። ቁልፍ ሲቆልፍ፣ በመቀስ ሲቆርጥ፣ ቅርጽ ሲገጣጥም የምታዪውንም ከነቀኑ ያዢ። «ትንሽ ይዘገያል» ከሚለው ወሬ ይልቅ ይሄ ለመርማሪው ይጠቅመዋል።

አንድ አባት፦
እኔ ግን ትንሽ ይቆይ ባይ ነኝ። ገና በአራት ዓመቱ ስም ይለጠፍበታል።

የሕፃናት ሐኪም፦
ስጋትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን የማጣሪያ ምርመራ ስም አይሰጥም፤ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም፣ እሱን ነው የሚለየው። የንባብ ወይም የሒሳብ ችግር አለበት ብሎ ለመደምደም ልጁ መማር መጀመር አለበት። እርዳታው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ኩቦቹን አንድ በአንድ እየነካ መቁጠር ዛሬውኑ ይጀመራል።

የመንታ እናት፦
እኛ ያለፍንበት ነው። ሲወለድ ከሆስፒታል የወጣበትን ወረቀት ያዢ፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶ እንደነበር ወይም ኦክስጅን ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ የደከመው ልጅ ምኑም አይለካም። ውጤቱን ደግሞ ዘርዝረው ይንገሩሽ። አማካዩ ብቻ ከተነገረሽ፣ ጎበዝ የሆነበት ቋንቋ የደከመበትን ሊሸፍነው ይችላል። የኔዎቹ ወሬኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ በዚያ ይሸወድ ነበር።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። የጆሮና የዓይን ቀጠሮ እይዛለሁ። ያለጊዜው መወለዱን ለአዲሱ ትምህርት ቤት ልንገር?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
ንገሪ እንጂ! ሳምንቱን ጭምር። ካልተነገረን በምን እናውቃለን? ከፊት እንዲቀመጥና ትእዛዝ አንድ በአንድ እንዲሰጠውም ጠይቂ፤ ለዚህ የምርመራ ውጤት መጠበቅ የለብሽም።