የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ እስከ ረፋድ ይቆያል

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመሥሪያ ቤታችን ፋይል 4 ቴራባይት ደርሷል። ሙሉ ቅጂው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምርና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ጠዋት «ሲስተሙ ሞተ» እያሉ በቢሮዬ በር ላይ ይሰለፋሉ። ቅጂው የሚቀመጥበት ማከማቻ በ1 ጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ማገናኛ ሳጥን) ነው የተገናኘው። አለቃዬ ፈጣን ዲስክ እንግዛ ይላሉ። ይጠቅማል?

መላሽ አንድ፦ ወንድሜ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። 1 ጊጋቢት ማለት በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር 110 ካገኘህ እሰየው። 4 ቴራባይትን ለዚህ አካፍለው፤ 10 ሰዓት ይመጣል። መስመሩ የሚችለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፣ ዲስኩ ምን አጠፋ? ወይ ወደ 10 ጊጋቢት እደጉ፣ ወይ ሙሉውን ቅዳሜ ማታ፣ በሥራ ቀን የተለወጠውን ብቻ ገልብጡ። እኔ ከሁለተኛው እጀምር ነበር፤ ወጪ የለውም።

መላሽ ሁለት፦ ጃምቦ ፍሬም፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚላከው የዳታ እሽግ (ፓኬት) መጠን ከተለመደው 1500 ወደ 9000 ባይት ቢደረግስ?

መላሽ አንድ፦ ትንሽ ያግዛል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ አንድ ስዊች በ1500 ከቀረ ትልልቁ ፓኬት ይጣላል፤ ተራው ፒንግ (መስመሩን መሞከሪያ ትንሽ መልእክት) ግን ስለሚያልፍ ሁሉም ደህና ይመስላል። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ በ8972 ባይት ፒንግ ሞክሩት (ከራስጌው ጋር 9000 ይሞላል)።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቅጂው የሚቀመጠው እዚያው ሰርቨር ክፍል ነው፤ ችግር አለው?

መላሽ ሁለት፦ እንዴታ! እሳት ቢነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ቅጂ ከሕንጻው ይውጣ፤ በየወሩም ጥቂት ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ።