የጋዝ ማከማቻ ፈቃድ፦ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የትኛው የደኅንነት ጥናት ማለቅ አለበት?

አዲስ_ፕሮጀክት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኤል ፒ ጂ (በግፊት ፈሳሽ የተደረገ የማብሰያ ጋዝ) ማከማቻና የሲሊንደር መሙያ ልንሠራ ነው። እያንዳንዳቸው 90 ቶን የሚይዙ ሁለት አግዳሚ ታንኮች፣ የቦቴ ማራገፊያ፣ አንድ መሙያ አዳራሽ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ገብቷል። ፈቃድ ሰጪው ግን «የደኅንነት ግምገማ አልተያያዘም» ብሎ ፋይላችንን መለሰው። አማካሪው ሃዞፑን (ስዕሉን መስመር በመስመር እያዩ ምን ሊበላሽ እንደሚችል በቡድን የሚፈትሹበትን ጥናት)፣ የስጋት ስሌቱን (አደጋ የመድረስና ሰው የመጉዳት ዕድሉን በቁጥር የሚያሰላውን) እና የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ባንድ ጥራዝ ጠርዞ እንደሚያመጣ፣ ለሃዞፑም ከእኛ ወገን ሰው እንደማያስፈልገው ነግሮናል። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ይደርሳል፤ ተቋራጩ ቆሞ ከሚያስከፍለን የታንኮቹን መሠረት ይሙላ» ይላሉ። እኔ መሐል ላይ ተይዣለሁ። መሠረቱ ቢሞላ ምን ይጎዳል? ልምድ ያላችሁ እስቲ።

የሃዞፕ_ሰብሳቢ፦

ወንድሜ፣ አርማታው ይቆይ።

ኑሮዬን ያሳለፍኩት የሃዞፕ ስብሰባ በመምራት ነው፤ ያንተ ጉዳይ ግን ሃዞፑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የሚበላሸው። የኤል ፒ ጂ ማከማቻ ደኅንነት ግማሹ የሚወሰነው ሲቪል ሥራው ላይ ነው። አግዳሚ ታንክ እሳት ውስጥ ቆይቶ ሲፈነዳ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ይገነጠልና ቀሪው በቁመቱ አቅጣጫ ይወነጨፋል። ሜክሲኮ ሲቲ ዳርቻ፣ ሳን ሁዋን ኢስዋቴፔክ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1984 በደረሰው አደጋ ከ48ቱ አግዳሚ ታንኮች አንዱ የተገኘው 1,200 ሜትር ያህል ርቆ ነው። የሞተው ሰው 500 ገደማ ነበር። ስለዚህ የታንክህ ጫፍ ወዴት እንደሚያይ መሠረቱ ሳይሞላ መታወቅ አለበት። የመሬቱ ተዳፋትም እንዲሁ፤ የፈሰሰው ጋዝ ከታንኩ ሥር ርቆ እንዲሄድ ነው የሚፈለገው፣ እዚያው እንዲጠራቀም አይደለም። ታንኩን በአሸዋና በአፈር መሸፈንም አለ፤ የተቀበረ ታንክ እሳት ስለማይደርስበት ይህን ዓይነቱን ፍንዳታ ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። መሠረቱና የታንኩ ሽፋን ቀለም ግን ለዚያ ተብሎ ነው የሚሠራው። አርማታው ከተሞላ በኋላ የሚቀርህ እንደ ውኃ መርጫ ያለ በላዩ የሚጨመር መከላከያ ነው።

ጥናቶቹ ባንድ ጥራዝ ቢጠረዙ ማንም አይጎዳም። ባንድ ጊዜ መሠራታቸው ነው ጣጣው። አደጋ መለየቱ (ሃዚድ የሚሉት) ቦታው ገና ባዶ ሳለ፣ የስጋት ስሌቱ የግቢው አቀማመጥ በእርሳስ ሳለ፣ ሃዞፑ ደግሞ የቧንቧና የመሣሪያ ስዕሉ ሲያልቅና ዕቃው ሳይታዘዝ ነው የሚሠራው። የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ከእነዚህ ይቀዳል። አማካሪህ ዕቅዱን ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ ካመጣልህ ገጹን ስትገልጥ ታውቀዋለህ፤ የሌለህ የአሲድ ታንክ ስም ይኖርበታል።

«የእናንተ ሰው አያስፈልግም» ያለውን ግን አትቀበል። አንድ ሃዞፕ ላይ ታንክ ውስጥ ከጋዙ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ የሚወጣበትን መስመር እያየን ነበር። ስዕሉ ላይ ሁለት ቫልቮች ተከታትለው አሉ። «የቱ ይቀድማል?» ብዬ ጠየቅኩ። ዲዛይነሩ የላይኛውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ በታችኛው መቆጣጠር ነው አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው የፈረቃ ኦፕሬተር ሳቅ አለና «እኛ እንደዚያ አናደርግም፤ የታችኛው እጀታ ቀድሞ ነው የሚመቸው፣ የላይኛውን ለመድረስ መሰላል ያስፈልጋል» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳይ ፌዚን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሠራተኛው የፕሮፔን ታንኩን ቫልቮች ገልብጦ ከፈተ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ መስመሩን የያዘው በረዶ ሲለቅ ጋዙ ገነፈለ፣ የላይኛውም አልዘጋ አለ። ደመናው አጠገቡ ባለው መንገድ ላይ ከመኪና እሳት ያዘ። እሳት አጥፊዎቹ ታንኩን ሴፍቲ ቫልቩ ያድነዋል ብለው ውኃውን ወደ ጎረቤት ታንኮች አዞሩ። ሴፍቲ ቫልቭ ግፊት ያስተነፍሳል እንጂ ከፈሳሹ በላይ ያለው ብረት በነበልባል ሲለሰልስ የሚያደርገው የለም። ታንኩ ፈነዳ፤ 18 ሰው ሞተ።

በዚያ ስብሰባ ላይ የወጣው ምክረ ሐሳብ እጀታውን ከመሬት የሚደረስበት ቦታ ማውረድ ነበር። ያን ኦፕሬተር ባንጠራው ስዕሉ ትክክል ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ፋይል_መርማሪ፦

ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ልጨምር። ጥራዙ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው የምክረ ሐሳቦቹን ሰንጠረዥ ነው። ኃላፊው ማን ነው፣ መቼ ይዘጋል? ሁሉም ላይ «በሂደት ላይ» ከተጻፈ እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ አማካሪው የትኞቹን አደጋዎች «የማይሆን ነው» ብሎ እንደዘለላቸው አያለሁ። የቦቴ ሆዝ (ማራገፊያ ቱቦ) መበጠስ ከተዘለለ ሌላውን ማንበብ አያሻም፤ በየቀኑ የሚገጠምና የሚነቀል ነገር ነው። የስጋት ስሌቱ ላይ ደግሞ ሰው በሌሊት የት እንደሚተኛ መካተቱን አጣራለሁ። ብዙዎች የቀኑን ቆጠራ ብቻ ያስገባሉ።

ባጀት_ጠባቂ፦

ይቅርታ፣ ነገሩን አታግዝፉበት። አውሮፓ ውስጥ እንኳ በሴቬሶ መመሪያ (አደገኛ ኬሚካል የሚያከማቹ ተቋማትን በሚገዛው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ) መሠረት ለኤል ፒ ጂ ሙሉ የደኅንነት ሪፖርት የሚጠየቀው ከ200 ቶን ጀምሮ ነው። ይህ ሰው ያለው 180 ነው። ለትንሽ ማከማቻ የቁጥር ስጋት ስሌት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። የነበልባሉና የጋዙ ደመና እስከ የት እንደሚደርስ ማስላት በቂ ነው።

የሃዞፕ_ሰብሳቢ፦

የመጨረሻው ሐሳብህ ላይ እስማማለሁ። ጥሩ የርቀት ስሌት ከመጥፎ የዕድል ስሌት ይሻላል። ኔዘርላንድ ውስጥ መኖሪያ ቤት በተቋሙ ዙሪያ፣ ከተቋሙ አደጋ በዓመት ከ1,000,000 አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሞት ዕድል ባለበት ክበብ ውስጥ አይፈቀድም። ክበቡን የሚሠራው ቁጥር ግን ለሆዙና ለቫልቩ ከሚገመተው የብልሽት ድግግሞሽ ነው የሚመጣው፤ እሱን ትንሽ ሲነኩት ክበቡ ይጠብባል። ሲጠበብም አይቻለሁ።

180 ያልከው ግን አያስኬድም። መመሪያው የሚቆጥረው ግቢው ውስጥ ባንድ ጊዜ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ ነው። 20 ቶን የያዙ ሁለት ቦቴዎች ማራገፊያው ላይ ከቆሙ 220 ሆነ፤ የተሞሉት ሲሊንደሮች ገና አልተቆጠሩም። ከ50 ቶን ጀምሮም ቢሆን የአደጋ መከላከል ፖሊሲና ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጠያቂያችን የሚገዛው ያገሩ ሕግ ነውና ወሰኑን ከዚያ ያንብብ። አቆጣጠሩን ግን እንዲህ ያድርገው።

አዲስ_ፕሮጀክት፦

እግዜር ይስጥልኝ። የግቢውን ስዕል ዘርግቼ አየሁት። የሁለቱም ታንኮች ጫፍ በቀጥታ ወደ መሙያ አዳራሹ ነው። ለሥራ አስኪያጁ አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው ቆዩና «ተቋራጩን አቁመው» አሉኝ። ታንኮቹን ላዙር ወይስ አዳራሹን ላንሳ?

የሃዞፕ_ሰብሳቢ፦

ታንኮቹን አዙር፣ ግን አዲሱ አቅጣጫ ወደ በሩ ወይም ወደ ሰፈር እንዳይሆን። እግረ መንገድህን የቦቴውን መቆሚያ እየው። ቦቴው ፊቱን ወደ መውጫው አድርጎ እንዲቆም፣ ወደ ኋላ ሳይነዳ እንዲወጣ አድርገህ ሳለው። ሆዙ ሳይነቀል መኪናው ቢነሳ ራሱ ተላቅቆ ሁለቱንም ጫፍ የሚዘጋ መጋጠሚያ አስገባ። ከርቀት የሚዘጋውን የድንገተኛ ቫልቭ ቁልፍም ሠራተኛው ሲሸሽ በሚያልፍበት በኩል አድርገው፤ ማራገፊያው ሥር ካደረግኸው ጋዙ ሲወጣ ማንም ደፍሮ አይደርስበትም።