የጋራ ምጣድ የመብራት ሂሳብ እንዴት ይካፈላል?

ደሴ ሆጤ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነን። ጤፍ በኩንታል ገዝተን፣ አብረን አስፈጭተን እንካፈላለን። እሱ ላይ ምንም ችግር የለም። የምንጋግረው ግን በኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በኔ ቆጣሪ ነው። ምጣዱ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል፤ የኔ ፍሪጅና አምፖል ሳይቀር ይወደዳል።

መጀመሪያ ሂሳቡን ለአምስት እኩል አካፈልን። ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ስድስት ልጅ ካለበት ቤት እኩል ከፈሉ። ዝም ቢሉም ፊታቸው ያስታውቃል፤ እኔም ከበደኝ። በእንጀራ ቁጥር ስናደርገው ደግሞ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው መብራት የማን ይሁን ተባለ። ይህ ጉርብትና በመብራት ሂሳብ እንዲሻክር ፈጽሞ አልፈልግም።

በአንድ ቆጣሪ አብራችሁ የምትጋግሩ፣ የምጣዱን ድርሻ ከቤቱ ፍጆታ እንዴት ለይታችሁ ነው የምታሰሉት?