ሎደሩ ሲሞቅ ጉልበት ያጣል፤ ጥፋቱ የፓምፑ ነው?

ባለ አሮጌው ትራክተር

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜው ከእኔ የማይተናነስ ትራክተር አለኝ፤ ከፊቱ ሎደር ተገጥሞለታል። ጠዋት ሥራ ስጀምር አካፋውን እርጥብ ፍግ ሞልቼ እስከ ላይ አነሣለሁ፤ ምንም ቅር የሚያሰኝ ነገር የለም። አንድ ሰዓት ያህል ከሠራሁ በኋላ ግን ያንኑ ጭነት ግማሽ መንገድ ላይ አድርሶት ይቆማል። ነዳጅ ስሰጠው ትንሽ ከፍ ይልና እንደገና ይቆማል። ሞተሩን አጥፍቼ ክንዶቹን ወደ ላይ እንዳሉ ከተውኳቸው ደግሞ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።

ክንዶቹን የሚገፋው የሃይድሮሊክ ዘይት ልኩ ላይ ነው፤ አረፋ አላወጣም፣ ወተትም አልመሰለም። ፓምፑ አይጮህም። በውጭ የሚያንጠባጥብ ቦታ የለም። የኋላው ማንሻ እንደ ልማዱ ይሠራል። ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ «ፓምፑ አልቋል፣ ለውጠው» ነው የሚሉኝ። አዲስ ከመግዛቴ በፊት ማረጋገጫ መንገድ ይኖር ይሆን?

ፍግ ጫኙ

የእኔም እንዲሁ አድርጎ ነበር። 46 ቁጥሩን ዘይት አውጥቼ ወፍራሙን 68 ቁጥር ስጨምርበት ተሻለው። ካልበቃው የግፊት ማስተንፈሻውን (ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ታንኩ የሚመልሰውን ቫልቭ) ብሎን ግማሽ ዙር ያህል አጥብቀው።

የጋራዡ ሽማግሌ

ወንድሜ ፍግ ጫኙ፣ አይቆጡኝና ሁለቱንም ምክር አልቀበልም። 46 ቁጥር የሚባለው ዘይት በ40 ዲግሪ 46 ሴንቲስቶክ ውፍረት አለው፤ በ100 ዲግሪ ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ያለቀ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ላስቲክ) ባገኘበት ሁሉ ያመልጣል። ወፍራም ዘይት ማምለጫውን ለጊዜው ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም። በብርድ ጠዋት ደግሞ ፓምፑ ያንን ዘይት መምጠጥ ያቅተውና ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ማስተንፈሻውን ያለ መለኪያ ማጥበቅ ከዚህም የባሰ ነው። ግፊቱ የት እንደደረሰ የሚያውቁት ቱቦ ሲፈነዳ ወይም የፓምፑ ቤት ሲሰነጠቅ ነው።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ፓምፕ የሚሠራው ፍሰትን ነው፤ ግፊት የሚፈጠረው ያ ፍሰት ጭነት ሲገጥመው ነው። ስለዚህ ፍጥነትንና ጉልበትን ለይተው ይዩ። ጭነቱን እየተንቀራፈፈም ቢሆን ላይ ካደረሰው ያነሰው ፍሰቱ ነው። መንገድ ላይ ከቆመ ግን ዘይቱ ጭነቱን ከመግፋት የሚቀልል መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። መውጫው ፓምፑ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ማስተንፈሻው፣ እጀታዎቹ ያሉበት የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ወይም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የፒስተን ጎሚኒም ሊሆን ይችላል። በአራት ተጠርጣሪ መካከል አንዱን በሐሜት ማሰር ተገቢ አይደለም።

የኋላው ማንሻ ደኅና መሆኑ ብዙም አያጽናናኝም። ሎደሩ የሚጠጣው ከየት ነው? እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 ባሉት ላይ የኋላው ማንሻ ፓምፕ በኋላው ቤት ዘይት ውስጥ የሰመጠ ባለ አራት ፒስተን ነው። በእንዲህ ያሉ ትራክተሮች ላይ የተገጠሙ ብዙ ሎደሮች ግን ከፊት ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞር የራሳቸው የማርሽ ፓምፕና የራሳቸው ታንክ አላቸው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ የኋላው ስለ ፊተኛው ምንም አይመሰክርም።

አሁን 250 ባር ድረስ የሚያነብ የግፊት መለኪያ ፈልጉ። ወደ መቆጣጠሪያው ቫልቭ በሚገባው መስመር ላይ በሦስት አፍ መገናኛ ይግጠሙት። ከመፍታትዎ በፊት አካፋው መሬት ይረፍ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ እጀታዎቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰው የተያዘውን ግፊት ያስተንፍሱ። አካፋውን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አጥፈው እጀታውን ለቅጽበት ብቻ ይያዙና ያንብቡ፤ ከዚያ ያንኑ በክንዶቹ ላይ ይድገሙት። ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ይመዝግቡ። አሮጌ ሎደሮች ብዙውን ጊዜ ከ140 እስከ 175 ባር ባለው መካከል ነው የሚሠሩት፤ ትክክለኛውን የእርስዎ መመሪያ መጽሐፍ ይነግርዎታል።

ሲሞቅ ከወረደ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። በዚያው ሙቀት የሞተሩን ዙር ይጨምሩ። መለኪያው አብሮ ከወጣ ዘይቱ በተበላ ክፍተት እያመለጠ ነው። ዙር ቢጨምርም እዚያው ከረጋ ማስተንፈሻውን ይጠርጥሩ፤ ምናልባት ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ቆሻሻ ከመቀመጫው አንሥቶታል።

የፓምፑን መውጫ በቀጥታ ደፍኖ መለካት ግን በፍጹም አይሞክሩ። ማስተንፈሻው ቫልቩ ውስጥ ከሆነ ከኋላው የሚያድነው ነገር የለም። የሚያፈስ ቦታም በእጅ አይዳሰስም፣ በካርቶን ነው። በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው።

ቱቦ ጠጋኝ

የመምጠጫ ቱቦውንም አትርሱ። ያረጀ ቱቦ በውጭ ደኅና መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ይላጥና ሲሞቅ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ መንገዱን ይዘጋል።

የጋራዡ ሽማግሌ

እውነት ነው፤ ግን ያኔ ፓምፑ ያቃስታል። ይኸኛው ዝም ብሏል፣ ዘይቱም አረፋ አላወጣም። ለዚህ ነው ወደ ኋላ ያደረግሁት።

ባለ አሮጌው ትራክተር

ለካሁ። ሎደሩ እንዳሉት የራሱ የፊት ፓምፕ አለው። ሲቀዘቅዝ አካፋውም ክንዶቹም 165 ባር አነበቡ። ሲሞቅ በአካፋው በኩል 160፣ በክንዶቹ በኩል 110። ዙር ስጨምር የክንዶቹ ወደ 125 ወጣ።

የጋራዡ ሽማግሌ

እንግዲህ ፓምፑ ነጻ ወጥቷል! ያው ፓምፕ፣ ያው ማስተንፈሻ፣ ያው የጋለ ዘይት አካፋውን 160 ካደረሰ ክንዶቹን የሚያደክመው ከእነርሱ በስተኋላ የለም። የቀረው በክንዶቹ በኩል ያለው የቫልቩ ክፍልና ሁለቱ ሲሊንደሮች ናቸው። ጭነት ይዘው ትንሽ ከሠሩ በኋላ ሲሊንደሮቹን በጨረር ሙቀት መለኪያ ያነጻጽሩ። ዘይት በጠባብ ክፍተት ሲያመልጥ ያሞቃል።

አንዱ ከበለጠ ክንዶቹን እስከ መጨረሻው አንሥተው በብረት ድጋፍ ያስይዟቸው፤ ግንድና ድንጋይ አይታመንም። ሞተሩን አጥፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ። የተጠረጠረውን ሲሊንደር በበትሩ (ከሲሊንደሩ በሚወጣው ብረት) በኩል ያለውን ቱቦ ይፍቱና የቱቦውን ጫፍ ይድፈኑ። ሌላ ሰው ከመቀመጫው ሆኖ ሞተሩን ያስነሣና እጀታውን ወደ ማንሣት ይያዝ፤ እርስዎ ከክንዶቹ ሥር አይሁኑ። ከተከፈተው አፍ የቀረ ዘይት ጠብ ጠብ ብሎ ካቆመ ጎሚኒው ደኅና ነው። መፍሰሱን ከቀጠለ አልቋል።

ባለ አሮጌው ትራክተር

የግራው ከቀኙ በ15 ዲግሪ ይበልጥ ነበር። ስፈታው ዘይቱ ያለማቋረጥ ወረደ። ከፍቼ ሳየው የፒስተኑ ጎሚኒ ከንፈሩ ተቆርሶ የቀረው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ለስላሳ ነው፣ በትሩም ጭረት የለበትም። የሁለቱንም ጎሚኒ ለወጥኩ። ሲሞቅ አሁን 158 ባር ያነባል፤ ጭነቱን ያነሣል። ግን ሞተሩ ሲጠፋ ክንዶቹ አሁንም ይወርዳሉ፤ በፊት ከነበረው ግማሽ ያህል ቢቀንስም አልቆመም። የተበላሸ ነገር ትቼ ይሆን?

የጋራዡ ሽማግሌ

አልተዉም። ብዙ ሰው ክንድ ወረደ ብሎ ሲሊንደር ይፈታል፤ በዚህ በኩል ግን የመጀመሪያው ተጠያቂ ቫልቩ ነው። ሁለቱም የሲሊንደሩ አፎች በቫልቩ ጥብቅ ብለው ቢዘጉ የፒስተኑ ጎሚኒ ቢያፈስ እንኳ ክንዱ ብዙም አይወርድም። በትሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ቦታ ይወስዳል፣ የሚፈናቀለው ዘይት ደግሞ መውጫ የለውም። ስለዚህ የሚወርድ ክንድ በቫልቩ ውስጥ የሚንሸራተተው ዘንግና ቤቱ ተበልተዋል ይላል። ያ ክፍተት ብረት ከብረት ጋር ነው፤ ጎሚኒ ቢለውጡለት አይጠብም፣ ክፍሉን ማስቀየር ነው። አካፋውን ሞልተው ሲሠሩ የማያስቸግርዎት ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። ትራክተር ሲቆም አካፋው መሬት ላይ ነው መሆን ያለበት።

አዲስ ጎሚኒ ስለገባ ክንዶቹን ያለ ጭነት ቀስ አድርገው ደጋግመው ያውጡ፣ ያውርዱ፤ የገባው አየር ይወጣል። የዘይቱን ልክ የሚያዩት ክንዶቹ ወርደው ሳሉ ነው። ከፍ ብለው ሳሉ ታንኩን ከሞሉት ሲወርዱ በመተንፈሻው ገንፍሎ ይወጣል።