«በሁነይን ጫማ ተመለሱ» ምን ማለት ነው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኩዌት ነው። የገበያና የቤት ዓረብኛ አያስቸግረኝም፤ የቴሌቪዥኑ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠኛል። ሰሞኑን አንድ የኳስ ተንታኝ ስለተሸነፈ ቡድን ሲያወራ «ረጀዑ ቢኹፈይ ሁነይን» አለ። «ረጀዑ» ተመለሱ ነው። ሁነይን የሰው ስም መሆኑንም አውቃለሁ፤ ግን በቡድኑ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ተጫዋች የለም። «ኹፈይ»ስ ምንድን ነው? ከአነጋገሩ «ሳይሳካላቸው ተመለሱ» ያለ መሰለኝ። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የወሎው፦
እህቴ፣ የገመትሽው ልክ ነው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው። ቃሉ ሲፈታ «በሁነይን ሁለት ጫማዎች ተመለሱ» ይላል። ኹፍ ከቆዳ የሚሠራ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ነው። ሙስሊም የሆንን ከውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ከሚደረገው መታጠብ፣ ትምህርት እናውቀዋለን፤ እግርን በማጠብ ፋንታ ኹፍ ላይ ማበስ የሚባል ነገር አለ። «ኹፈይ» ደግሞ ጫማው ጥንድ መሆኑን ይናገራል። ዓረብኛ ለአንድ፣ ለሁለትና ለብዙ የተለያየ አነጋገር አለው። ይቺን ሁለትነት ያዢልኝ፤ ተረቱ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ሁነይን በሂራ ከተማ የሚኖር ጫማ ሰፊ ነበር። ሂራ ከእስልምና በፊት የዓረብ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ከኩፋ አጠገብ ፍርስራሿ ያለ ከተማ ናት። አንድ የበረሃ ሰው ግመሉን እየነዳ መጣና ኹፍ ሊገዛ ዋጋ ጠየቀ። ቀንስ፣ አልቀንስም ተባባሉ። ሰውዬው ሁነይንን ሲያደርቀው ውሎ ሳይገዛ ሄደ። ሁነይን በገነ። ጫማዎቹን አንሥቶ ሰውዬው በሚያልፍበት መንገድ ቀደመው። አንዱን ጫማ መንገድ ላይ ጣለ፤ ሌላውን ደግሞ ራቅ አድርጎ ወደ ፊት ጣለና ተደበቀ።

ሰውዬው የመጀመሪያውን ሲያይ፣ «ይሄ የሁነይንን ጫማ እንዴት ይመስላል! ሁለተኛው ቢኖር አነሣው ነበር» ብሎ አለፈው። ትንሽ እንደሄደ ሁለተኛውን አገኘ። ያኔ የፊተኛውን በመተዉ ቆጨው። ግመሉን ከነጭነቱ እዚያው አቁሞ፣ ያለፈውን ጫማ ሊያመጣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁነይን ከተደበቀበት ወጥቶ ግመሉን ከነጭነቱ ነዳው። ሰውዬው አገሩ ሲገባ «ከመንገድህ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉት። «የሁነይንን ሁለት ጫማዎች» አላቸው።

ታሪኩን እንዲህ ጽፈው ካቆዩልን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1124 ያረፈው የኒሻፑሩ ሊቅ አል መይዳኒ ነው። የዓረቦችን ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከነመነሻ ታሪካቸው በትልቅ መጽሐፍ ሰብስቧል።

አዲስ አበቤ፦
ይሄማ የእኛው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አይደል እንዴ? እንዳለ በዚህ ብንተረጉመውስ?

የወሎው፦
ወንድሜ፣ ተረቱ ላይ በደንብ ይገጥማል። የቆጡ ያ የፊተኛው ጫማ ነው፤ የብብቱ ግመሉ። አነጋገሩ ላይ ግን አይገጥምም። የቆጡና የብብቱ ተረታችን ተናጋሪው ስግብግብነትን ሲወቅስ የሚመጣ ነው። ዓረቦች «የሁነይን ጫማ» ሲሉ ግን ስግብግብነቱን ትተውታል። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ላልተሳካለት፣ ለድርድር ሄዶ ሳይስማማ ለተመለሰ፣ ለተሸነፈ ቡድን ሁሉ ይሉታል። ያ ቡድን የሰው ሀብት አልተመኘም፤ ተጫወተ፣ አልቀናውም። እህቴ፣ በአንቺ አረፍተ ነገር ላይ «ባዶ እጃቸውን ተመለሱ» ከማለት የተሻለ የለም።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ተረቱ ስለ አንድ ብልጥ ጫማ ሰፊና ስለ አንድ ችኩል መንገደኛ ነበር። በሰው አፍ ሲዞር ከነሙሉ ታሪኩ ሦስት ቃል ብቻ ቀረ። እነዚያን ሦስት ቃላት በመዝገበ ቃላት ብቻ የፈታ ሰው ጫማ ያገኛል እንጂ ትርጉም አያገኝም።

ከጂዳ፦
እኔም አንድ ልጨምር። እዚህ ቀጠሮ የሚያጥፍ ሰው ሲያጋጥም «መዋዒድ ዑርቁብ» ይላሉ፤ የዑርቁብ ቀጠሮዎች ማለት ነው። ዑርቁብ በየስሪብ፣ በዛሬዋ መዲና፣ የኖረ ሰው ነው ይባላል። ወንድሙ እርዳታ ሊጠይቀው መጣ። «ይቺ ዘንባባ ስታብብ ፍሬዋ ያንተ ነው» አለው። አበበች፤ መጣ። «ጥሬ ፍሬ እስክትይዝ ቆይ» አለው። ያዘች። «እስክትቀላ ቆይ»፤ ቀላች። «ሩጠብ እስክትሆን» አለው፤ ሩጠብ ለስላሳው፣ ገና ያልደረቀው ነው። ያም ደረሰ። «ተምር ይሁን» አለው። በመጨረሻ ተምር ሲሆን ዑርቁብ በሌሊት ወጥቶ ለቀመውና ለወንድሙ አንዲት ፍሬ አልሰጠውም።

ይህን ተረት የወደድኩት በቃላቱ ነው። እኛ «ተምር» ብለን የወሰድነው የመጨረሻውን ብቻ ነው። የደረሰልን ደርቆ ነዋ። እነሱ ግን ለፍሬው በየደረጃው ስም አላቸው፤ ተረቱም በእነዚያ ስሞች እየተራመደ ሰውን ያንከራትታል። በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን የነበረው ገጣሚ ከዕብ ኢብን ዙሀይር የሚወዳት ሴት ቃሏን ማጠፏን ሲናገር ዑርቁብን ጠቅሷል። ያን ጊዜም የታወቀ አነጋገር ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበቤ፦
ለዚህስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ቢባል?

ከጂዳ፦
እሱ የተስፈኛው ቃል ነው። «የዑርቁብ ቀጠሮ» ደግሞ ተስፋ ሰጪውን ይወቅሳል። «ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ» ብትል ይቀርባል።

ቃል ፈላጊ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላም ጥያቄ ወለደብኝ። ተረት ራሱ በዓረብኛ ሒካያ ነው ወይስ ኹራፋ? ሁለቱንም እሰማለሁ።

የወሎው፦
ሁለቱም አለ። ሒካያ የወጣው «ሐካ» ከሚል ግሥ ነው። ጥንት ሰውን መኮረጅ፣ ድምፁንና አኳኋኑን ማስመሰል ማለት ነበር። በኋላ መተረክ ሆነ። ለተራኪ ጥሩ ስም ነው። በደማስቆ ከኡመያዎች መስጊድ ጀርባ ባለው ነውፈራ ቡና ቤት ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ የጀግኖችን ገድል የሚያነበው ሐካዋቲ ሥራው ማንበብ ብቻ አልነበረም። ድምፁን ይለዋውጣል፤ ጦርነቱ ሲጋጋል በእጁ የያዘውን ያወዛውዛል፤ ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ ያቆምና ለነገ ይቀጥራል። ከሚወደዱት ገድሎች አንዱ የጥንቱ ዓረብ ጀግናና ገጣሚ የዐንተራ ነው። የዐንተራ እናት ዘቢባ የምትባል ሐበሻ ባሪያ ነበረች። አባቱ ለረጅም ጊዜ ልጄ ሳይለው ቆይቶ፣ በጦር ሜዳ ባሳየው ጀግንነት ነው ነጻ ያወጣው። ይህን ገድል አንድ ቀን በአማርኛ ሙሉውን ባነብ ደስታዬ ነው።

ኹራፋ ደግሞ ራሱ ተረት ያለው ቃል ነው። ኹራፋ ከዑዝራ ነገድ የነበረ ሰው ስም ነው ይላሉ። ጂኖች ወሰዱት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ያየውን ሲያወራ ሰው አላምን አለው። ከዚያ ወዲህ ማመን የሚቸግር ወሬ ሁሉ «የኹራፋ ወሬ» ተባለ። ዛሬ ኹራፋ ሲባል ከንቱ እምነትም ማለት ነው፤ እኛ ዘንድም ኡስታዞች «ኹራፋት» እያሉ ያስተምሩበታል። በኤምሬቶች ግን አያቶች ለልጅ የሚያወሩትን ተረት «ኸራሪፍ» ይሉታል፤ እዚያ ነቀፋ የለበትም። ስለዚህ ማን እንደሚናገረው ማየት ያስፈልጋል።

ቃል ፈላጊ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። የጓደኛዬ ሰርግ ላይ አንድ ሰው «ዋፈቀ ሸኑን ጠበቃ» አለ። ሁሉም ሳቀ።

የወሎው፦
ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ሸን ብልህ ሰው ነበር። እንደ እሱ ያለች ሴት እስካገኝ አላገባም ብሎ አገር ለአገር ዞረ። በመንገድ ከአንድ ሰው ጋር ተገናኘ። «ትሸከመኛለህ ወይስ ልሸከምህ?» አለው። «ሁለታችንም በየከብታችን ላይ ነን፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለው ሰውዬው። ወደ ፊት ሲሄዱ ለአጨዳ የደረሰ አዝመራ አዩ። «ይህ እህል ተበልቷል ወይስ አልተበላም?» ከዚያ ቀብር አጋጠማቸው። «ቃሬዛው ላይ ያለው ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?» ሰውዬው እንግዳውን እንደ ጅል ቆጠረው። ቤቱ አሳድሮት ነገሩን ጠበቃ ለምትባል ልጁ አጫወታት።

ጠበቃ ፈታችው። «ልሸከምህ ያለው እያወጋሁ መንገዱን ላሳጥርልህ ማለቱ ነው። እህሉን የጠየቀው ባለቤቱ ሸጦ ገንዘቡን በልቶት ይሆን ብሎ ነው። ሟቹንም ስሙን የሚያስጠራ ልጅ ትቷል ወይ ማለቱ ነው» አለች። አባትየው መልሱን ሲነግረው ሸን «ይሄ ያንተ አይደለም፤ የማን ነው?» አለ። ልጅቷን ጠይቆ አገባት። ሰዎቹም «ሸን ከጠበቃ ገጠመ» አሉ።

አዲስ አበቤ፦
«ድስት ግጣሙን አያጣም» ነዋ!

የወሎው፦
እዚህ ላይ ከምታስበው በላይ ቀርበሃል። የባስራው የቋንቋ ሊቅ አል አስመዒ እነዚህን የሰው ስሞች አይላቸውም። ሸን ያረጀ የቆዳ ዕቃ፣ ጠበቅ ደግሞ ክዳን ነው ይላል። ላረጀው ዕቃ ክዳን ሠሩለት፤ ልክክ አለ፤ ተረቱም ከዚያ ወጣ። ሌሎች ደግሞ የሁለት ነገዶች ስም ነው ብለዋል። እኔ የአል አስመዒን አፈታት አምናለሁ። አነጋገሩ ቀድሞ ነበር፤ የሸንና የጠበቃ ታሪክ በኋላ የተፈጠረለት ይመስለኛል። ለሁነይን ግን ይሄን አልልም፤ ያለ ተረቱ ጫማው ትርጉም አይሰጥምና።

እህቴ፣ ሰርጉ ላይ ለምን እንደሳቁ ልንገርሽ። በዛሬ ዓረብኛ «ዋፈቀ ሸኑን ጠበቃ» ለሙገሳም ለነቀፋም ይውላል። ሁለት ውሸታሞች ሲወዳጁም ይባላል። ለሙሽሮች የምትጽፊው ከሆነ «አቻ ለአቻ» የሚለውን የእኛን ብትጽፊ ይሻላል።